ከከድጄ ስም ጎን የተጻፈው ቃል

ባዩ ተረፈ ቡታጅራ በነበረው የጣሊያን ጦር ሰፈር አስተርጓሚ ሆኖ በሠራበት ዓመት፣ በእሱ ምላስ ምክንያት የሞተ ሰው አልነበረም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ይነግረዋል። ለሌላ ሰው ግን ነግሮ አያውቅም፤ የሚሰማው አልነበረማ።

ትውልዱ ጥያ ነው። አባቱ አዲስ አበባ ልከው ስድስት ዓመት አስተምረውት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጥንቷል። ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እሱም ደብተሮቹን በአቁማዳ ቋጥሮ በእግሩ ወደ አገሩ ተመለሰ። ታላቅ እህቱ ወለተ ሐና ቡታጅራ አግብታ ትኖር ስለነበር እሷ ዘንድ አረፈ። እኩዮቹ ዘቢዳር ተራራ ወጥተው አርበኛ ሲሆኑ ባዩ አልወጣም። ታሞ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ፈረንሳይኛ ላወቀ ሰው ጣሊያንኛ መልመድ ብዙ አያስቸግርም፤ የሰፈሩ አዛዥ የነበረው ካፒቴን ይህን ሲሰማ አስጠራው። ባዩ እምቢ የሚልበት ወኔ አላገኘም።

ወለተ ሐና ከቤቷ አላስወጣችውም። ምግቡን በሰዓቱ ታቀርብለታለች፤ አብራው ግን አትቆርስም። ጎረቤት ሲመጣና ስለ ወንድሟ ሲጠይቃት ወሬውን ወደ ጎመኑ ወይም ወደ ዝናቡ ታዞረዋለች። ባዩ ከጓዳ ሆኖ ይሰማታል።

በሥራው ላይ ግን አንድ ብልሃት ዘይዶ ነበር። ሰዎች ካፒቴኑ ፊት ቀርበው የተናገሩትን ቃል ያለዝበዋል። “አልከፍልም” ያለውን “አጥቼ ነው” ይለዋል። “ልጄን አላመጣም” ያለችውን “ልጄ ታሟል” ያደርገዋል። ካፒቴኑ ይበሳጫል፣ ይሳደባል፣ ቀን ይሰጣል፤ ሰውየውም በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ባዩ ይህን እንደ ጽድቅ ይቆጥረው ነበር። የሰዉ እምቢታ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ልመና እየሆነ መቅረቱን አላሰበውም።

በ1930 ዓ.ም. የክረምቱ ጭቃ ሲደርቅ ካፒቴኑ ዘቢዳር ላይ ባሉት አርበኞች ላይ ለመዝመት ተዘጋጀ። መኪና ተራራውን አይወጣም፤ ጥይቱንና ስንቁን የሚያወጣ የጭነት ከብት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በቅሎ ያለው ሁሉ አምጥቶ እንዲያስረክብ ታወጀ። በአገሩ ብዙ በቅሎ የነበራት ደግሞ የመስቃኗ ከድጄ ነበረች።

ከድጄ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ሸምሶ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለሳል። እሷ ገና ወጣት ሳለች ሲሞት ሰዉ በቅሎዎቹን ትሸጣለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ከጭነቱ ኋላ መሄድ ጀመረች። ሰባት በቅሎ ነበራት። አንዱንም ሰው ሲጭንላት አትወድም፤ ኮርቻውን እራሷ ታጠብቃለች፣ ጀርባቸውን በእጇ ትዳብሳለች።

ሌሎቹ ባለበቅሎዎች እሷ የምታደርገውን ለማየት ጠበቁ። ካፒቴኑም ይህን ስላወቀ አስቀድሞ እሷን አስጠራት። በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን መጣች። ቢሮው በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ነው፤ ካፒቴኑ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል፣ ባዩ ከጎኑ ቆሟል።

“ሰባት በቅሎ አለሽ አሉ፤ እስከ ሰኞ ሰባቱንም ከነኮርቻቸው ታመጫለሽ” አለ ካፒቴኑ። ባዩ በጉራጊኛ ነገራት።

“አልሰጥም” አለች ከድጄ።

ባዩ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ እንደ ልማዱ አለዘበው። በቅሎዎቹ ሩቅ ግጦሽ ላይ መሆናቸውን፣ የሁለቱ ጀርባ መቁሰሉን፣ ሴትዮዋ መበለት በመሆኗ የሚነዳላት ሰው ለመፈለግ ጥቂት ቀን እንደምትለምን ተናገረ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። “ስምንት ቀን ሰጥቻታለሁ” አለ።

ባዩ ይህን ሲነግራት ከድጄ ወደ ካፒቴኑ አላየችም። ባዩን አየችው።

“ልጄ፣ እኔ የተናገርኩት አንዲት ቃል ናት። አንተ ግን ስትናገር ቆየህ። ምን አልከው?”

“ለእርስዎ ብዬ ነው እትዬ ከድጄ። ጊዜ ሰጥቶዎታል እኮ።”

“ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩህ?”

“አልለመኑኝም።”

“እንግዲያው የእኔን ቃል ወስደህ የሌላ ሰው ቃል ነው የሰጠኸው። ከስምንት ቀን በኋላ እምቢ ብል፣ ይሄ ሰው ‘በመጀመሪያ ተለማምጣኝ ነበር’ ይላል። አልተለማመጥኩትም። አሁን ያልኩትን አሁን ንገረው።”

“ያስሩዎታል።”

“የምታሰረው እኔ ነኝ። ንገረው።”

ካፒቴኑ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ “ምንድን ነው የምትለው?” አለ።

ባዩ ወደ ካፒቴኑ ዞረ። “አልሰጥም ነው የምትለው” አለ በጣሊያንኛ። “ቅድምም ያለችው ይህንኑ ነበር። እኔ ነኝ አሳስቼ የተረጎምኩት።”

ካፒቴኑ ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። የተማረ ሰው ነበር፤ መጮህ አይወድም፣ ማስረዳት ይወዳል። “የእኛ መንግሥት ለእስላሞች መስጊድ እያሠራ ነው። የበደልናት ነገር የለም። እስላም ሆና ለምን እንደምትቃወመን ጠይቃት” አለ።

“መስጊዱን ለአላህ ብለው ሠርተውት ከሆነ ዋጋቸውን ከሱ ይጠይቁ” አለች ከድጄ። “በእኔ በቅሎ ከሆነ የሚከፈላቸው ግን ንግድ ነው ማለት ነው፤ እኔም አልሸጥም። ተራራው ላይ ያሉት የጎረቤቶቼ ልጆች ናቸው። የክርስቲያኑም የእስላሙም። እኔ የጫንኩት ጥይት እነሱን ሊገድል አይወጣም። በል፣ አንድም ሳታጎድል ንገረው።”

ባዩ ሳያጎድል ነገረው። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

ካፒቴኑ ትልቁን መዝገብ ከፈተና ስሟን ፈልጎ ከጎኑ አንድ ቃል ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበው። “ሪካልቺትራንቴ።”

ባዩ ቃሉን አወቀው። አዲስ አበባ ሳለ የእንግሊዝኛ መምህሩ የቅጽሎች ዝርዝር ያስጽፏቸው ነበር። ታዛዥ፣ እልኸኛ፣ ግትር እያሉ መጥተው መጨረሻ ላይ ያስጻፏቸው “ሪካልሲትራንት” የሚለውን ነበር። ያኔ አንድ ተማሪ “ግትር ከሚለው ቃል በምን ይለያል?” ብሎ ጠይቆ ነበር። መምህሩም ሲመልሱ፣ ግትር ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦም ግትር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቃል ግን ታዞ እምቢ ላለ ብቻ ነው የሚነገረው፤ ለእስረኛ፣ ለወታደር፣ ለተማሪ፤ አዛዥ በሌለበት ይህ ቃል የለም ብለው ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን አልነገሯቸውም።

ካፒቴኑ የባዩን ፊት አይቶ “ታውቀዋለህ?” አለው።

“በእንግሊዝኛ አውቀዋለሁ። ቅጽል ነው።”

“ሁላችንም የወሰድነው ከላቲን ነው” አለ ካፒቴኑ፤ ማስተማር ስለሚወድ ቁጣውን ለጊዜው የረሳው ይመስል ነበር። “በላቲን ካልክስ ማለት ተረከዝ ነው። መጀመሪያ ለእንስሳ የተነገረ ቃል ነው፤ ወደ ኋላ በሰኮናዋ የምትራገጥ በቅሎ ማለት ነው። ከዚያ ነው ወደ ሰው የመጣው። ምን ብዬ እንደጻፍኳት ንገራት። ይግባት።”

ባዩ እየተሳቀቀ ነገራት። ከድጄ ሰማችና የመሳቅ ያህል ከንፈሯ ተከፈተ።

“ይሄ ሰው በቅሎ ጭኖ ያውቃል?”

“እንጃ።”

“አያውቅም። በቅሎ በከንቱ አትራገጥም። እኔ ሠላሳ ዓመት ከኋላቸው ሄጃለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ረግጠውኝ አያውቁም። የምትራገጠው ጀርባዋን ያቆሰላትን ነው፣ ወይ ድምፁን ሳያሰማ ከኋላዋ የሚመጣውን። ስድብ መስሎት ከሆነ ሌላ ይፈልግ። ይሄንን ወድጄዋለሁ።”

ካፒቴኑ ይህን ሲተረጎምለት መዝገቡን ዘጋ። ሁለት ወታደር ጠርቶ ከድጄን የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ አሳሰራት። ባዩ ከቢሮው ወጣ። ፍርሃት አለበት፤ ግን ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው ቃል በእሱ አፍ አልፎ ሳይጎዳ ወጥቷል።

በዚያው ቀን ወታደሮች የከድጄን ግቢ ፈተሹ። ያገኙት ፋንድያና ሰባት ባዶ ካስማ ነው። ካፒቴኑ ፊት ከመቅረቧ በፊት በቅሎዎቹን አንድ አንድ አድርጋ ከመስቃን እስከ ሶዶ በየዘመዱና በየወዳጁ ቤት በትናቸው ነበር። አንዷ ጥያ አካባቢ ከአንድ ዲያቆን በረት፣ አንዷ ከአንድ ሼህ የእንሰት ጓሮ ኋላ ታስራለች። ወታደሮቹ የሄዱበት ቤት ሁሉ “በቅሎ አላየንም” አለ። የጎረቤቱን የሚጠቁም አንድ ሰው ጠፋ።

ካፒቴኑ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ባለበቅሎዎቹ የሚያዩት ከድጄን ነው፤ እሷ እሺ አለች ከተባሉ ያመጣሉ። በገበያው ቀን ባዩን ጠርቶ “ሕዝቡ ፊት ቆመህ ከድጄ በቅሎዎቿን በፈቃዷ አስረክባለች፤ እናንተም አምጡ ትላለች ብለህ ትናገራለህ። እሷን ከእኔ ጋር ቆማ ያዩዋታል፤ እንዳትናገር ግን ከሕዝቡ ራቅ አደርጋታለሁ” አለው።

“አልሰጥም ብላለች እኮ” አለ ባዩ።

“የአንተ ሥራ እኔ ያልኩህን መናገር ነው።”

ገበያው ሞልቶ ነበር። የበርበሬ ሻጮቹ መደብ ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ወዲያ ማዶ ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ተደርድሯል፤ ከብት ተራ ደግሞ ሰዉና ከብቱ ተጋፍቷል። ወታደሮች ከድጄን አምጥተው ከካፒቴኑ አጠገብ አቆሟት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ባዩን አንድ ባዶ በርሜል ላይ አወጡት።

ከላይ ሆኖ ሲያይ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል። ቃላቸውን ያለዘበላቸው ሰዎች ናቸው። እህቱም በርበሬ ልትገዛ መጥታ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍናለች። ባዩ ከድጄን ፈለጋት። እሷ ምንም አላሳየችውም፤ እንዲያው ቀጥ ብላ ቆማ ታየዋለች።

“የመስቃን ሰዎች፣ የሶዶ ሰዎች፣ ስሙ” አለ በአማርኛ። “ካፒቴኑ ከድጄ በቅሎዎቿን ሰጥታለች ብለህ ንገር ብሎኛል። አልሰጠችም። አልሰጥም ነው ያለችው። አጠገቧ ነበርኩ፤ ቃሏን የተረጎምኩትም እኔ ነኝ። የጎረቤቶቼን ልጆች የሚገድል ጥይት በእኔ በቅሎ አይጫንም ብላለች።”

ካፒቴኑ አማርኛ አያውቅም። የከድጄን ስም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ባዩ ያንኑ በሶዶዎቹ ቋንቋ በክስታኔኛ ደገመው፤ ቀጥሎም በመስቃንኛ። ካፒቴኑ ሦስቱንም ጊዜ በትዕግሥት ጠበቀው። ንግግሩ ሲያበቃ ሰዉ አልጮኸም፣ አላጨበጨበም። የበርበሬ ሻጮቹ ጎንበስ ብለው መደባቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ከብት ተራ የነበሩት ገመዳቸውን ፈቱ። በቅሎ ይዞ የመጣ ሁሉ በቅሎውን እየሳበ በአራቱም አቅጣጫ ወጣ። ካፒቴኑ ምን እንደሆነ የገባው ለጣሊያን ያደረ፣ አማርኛ የሚሰማ አንድ አስካሪ ወታደር ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ከነገረው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገበያው ውስጥ የቀረው አቧራ ነበር።

ባዩን ከበርሜሉ አውርደው እዚያው ገረፉት። ከድጄ እንድታይ አደረጓት፤ እሷም ዓይኗን አልመለሰችም። በማግስቱ ካፒቴኑ መዝገቡን አምጥቶ የባዩን ስም ከከድጄ ስም በታች ጻፈና የቃሉን መጨረሻ ፊደል ቀየረ። በጣሊያንኛ ቅጽል ለብዙ ሰው ሲነገር መጨረሻው ይለወጣል። “ሪካልቺትራንቲ” አለ። “አሁን ሁለት ናችሁ።”

ለተፈረደበት የመንገድ ሥራ እስኪወሰድ ድረስ ሦስት ቀን ቤቱ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ ቆሞ መሄድ አይችልም ነበር። ወለተ ሐና ጀርባውን በለብ ያለ ውኃ አጠበችለት፣ ቅቤ ቀባችለት። ሥራዋን ስትጨርስ ምሳ አቀረበች፤ አንድ ሳህን ብቻ ነበር። ከጎኑ ተቀመጠችና ቆረሰች።

“በሦስት ቋንቋ ነው አይደል የተናገርከው?” አለችው።

“በሦስት።”

“ሦስቱንም ሰምቻለሁ” አለች። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ማንም ስለ ወንድሟ ሲጠይቃት ወሬ አላዞረችም። አንዳንዴ ሳትጠየቅም ታወራ ነበር።

ከድጄ አሥራ አንድ ወር ታሰረች። ካፒቴኑ ዘመቻውን በጥቂት በቅሎና በሰው ሸክም አደረገው፤ ወታደሮቹ ግማሽ ተራራ ላይ ስንቅ አልቆባቸው ተመለሱ። በዚያ ዓመት የበቅሎ ግብር ተጠይቆ እምቢ ያለው ሰው ስም በመዝገቡ ላይ ገጽ ሞላ። ባዩ ድንጋይ ሲፈልጥ ሁለት ዓመት ቆየ። ጀርባው ከዚያ ወዲህ አልተቃናም፤ ሰውም ሲያየው ቀድሞ ሰላም የሚለው ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ቡታጅራን ጥለው ሲወጡ መዝገቡን ለማቃጠል ጊዜ አላገኙም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወታደሮቹን ይዞ መጣ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ባዩን አመጡለት። መኮንኑ የቆርቆሮው ቢሮ ውስጥ መዝገቡን ዘርግቶ ያገላብጣል።

“እዚህ ገጽ ላይ አንድ ቃል አርባ ጊዜ ተጽፏል” አለ። “ጣሊያንኛ ባላውቅም ይህን አውቀዋለሁ። ሪካልሲትራንት። የአንተም ስም አለ?”

“አለ።”

“ከማን ጋር እንደምሠራ አሁን ገባኝ” ብሎ ሳቀ፤ ንቀት አልነበረበትም። ወዲያው ግን አዲስ ወረቀት ሳበ። ሕዝቡ ያለውን ጠመንጃ አምጥቶ እንዲያስመዘግብ እንደሚፈልግ፣ ባዩ በየቀበሌው እየዞረ እንዲነግርለት፣ የማያመጡትንም ሰዎች ስም ጽፎ እንዲያመጣ ነገረው። ከስማቸው ጎን ምን እንደሚጽፍም አሳየው፤ ያንኑ ቅጽል።

ባዩ ወረቀቱን አልተቀበለም። “ጌታዬ፣ መምህሬ አንድ ነገር አስተምረውኛል” አለ። “ይህን ቃል ለሰው የሚሰጠው ሁልጊዜ አዛዡ ነው። እርስዎ ረድተውናል፣ እናመሰግናለን። ተራራው ላይ አምስት ዓመት የቆዩት ሰዎች ግን ጠመንጃቸውን የሚያስረክቡ ከሆነ ለራሳቸው መንግሥት ነው። የሚሉትን እተረጉምልዎታለሁ፤ አንድ ቃል አላጎድልም፣ አንድ ቃል አልጨምርም። ስማቸውን ግን አልጽፍም።”

መኮንኑ ብዕሩን አነሳና ቆየት ብሎ መልሶ አስቀመጠው። “እንግዲያው የሚሉትን እንስማ” አለ። ሁለት ወር አብረው ሠሩ። ባዩ ቃሉን ጠበቀ፤ ሽማግሌዎቹ ያሉትን፣ ለስላሳውንም ሻካራውንም፣ እንዳለ አደረሰ። መኮንኑ አንዳንዴ በንዴት ይቀላል፣ አንዳንዴ ይስቃል፤ ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቅ ነበር። ጠመንጃው ሳይመዘገብ መኮንኑ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ።

ባዩ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራ አልጠየቀም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የእህል መጋዘን ውስጥ አግዳሚ ሠርቶ ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች፣ አብዛኞቹም የክርስቲያን ልጆች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከድጄ በሩ ላይ ቆመች። አርጅታለች፤ እስር ቤት ውስጥ የያዛት ሳል አልለቀቃትም። ቤቱን ዞር ብላ አየችው፤ አሥራ አንድ ወር የታሰረችበት ነው። በእጇ የልጇን ልጅ አሚኔን ይዛለች፤ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው።

“እትዬ ከድጄ፣ ይግቡ” አለ ባዩ ብድግ ብሎ።

“እኔ አልገባም፤ በርበሬ ጭኛለሁ። እሷ ናት የምትገባው።”

“ሴት ልጅ እስካሁን አልመጣችልንም። ሰው አይናገርዎትም?”

“ተናግሯል። ይናገር።” የአሚኔን ሻሽ አስተካከለችላት። “በስሜ ላይ የተጻፈውን ያወቅኩት አንተ ስለነገርከኝ ነው። ባትነግረኝ ሰደበኝ ብዬ እቀር ነበር፤ ወይም መረቀኝ ብዬ። እሷ ስለ እሷ የተጻፈውን ራሷ ታንብብ። የፈለገችውንም ትጻፍ።”

ባዩ ከአግዳሚው ላይ ሁለት ወንድ ልጆችን ገፋ አደረገና ቦታ ለቀቀላት። አሚኔ አያቷን ዞር ብላ አላየችም፤ ገብታ ተቀመጠች። ከድጄ ጥቂት ቆማ ካየቻት በኋላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ወደ ጭነቷ ሄደች።